የወጣቶቹ ጥበብ ቀዳሚ ደንበኛ ይፈልጋል

በንግድ ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከዕቃ ሁሉ የሚሻለው ሌላው ሰው ገና ዋጋውን ሳይረዳው የተገዛው ነው። ቦታውን መንገድ ሳይወጣለት፥ ሰሊጡን ገበያው ሳይሞቅ የገዛ ነጋዴ ብልኅ ይባላል። በዚህ ብልኅነት በእህልና በቦታ ላይ ሲሠራበት የኖረው የከተማችን ነጋዴ፥ ነገሩ ወደ ሠዓሊው፥ ወደ ሙዚቀኛውና ወደ ልብስ ንድፍ አውጪው በዞረ ጊዜ ግን ዐይኑን ጨፍኖ ማለፉ እጅግ ያስደንቀኛል። ይህን ስጽፍ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ከሚወቀሱት መካከል ነኝ፤ ይህንንም ወደ በኋላ እናገራለሁ።

ነገሩን ለማስረዳት ከአገራችን ጥቂት ራቅ ብዬ ልጀምር። በአውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት ወር 2020 ለንደን ከተማ በሚገኘው የፊሊፕስ ሐራጅ ቤት አንድ ሥዕል ለጨረታ ቀረበ። ሥዕሉ የሎሚ ቀለም ያለው የዋና ልብስ የለበሰች አንዲት ጥቁር ሴት ያሳያል። የሐራጁ ቤት ዐዋቂዎች ከ30,000 እስከ 50,000 ፓውንድ ያወጣል ብለው ገምተው ነበር፤ የተሸጠው ግን በ675,000 ፓውንድ ነው። ሠዓሊው በ1984 በአክራ የተወለደው ጋናዊው አሞአኮ ቦአፎ ሲሆን፥ ሥዕሉን ከሠራው ገና አንድ ዓመት መሙላቱ ነበር። ሥዕሉን ለሐራጅ ያቀረበው ግን ሠዓሊው አልነበረም፤ ቀደም ብሎ የገዛው ሰብሳቢ ነው። ይህ ሠዓሊ የፊትና የእጅ ቆዳን የሚቀባው በብሩሽ ሳይሆን በጣቱ ነው። ዓለም ሁሉ ከመስማቱ በፊት በአክራ የሥዕል ትምህርት ቤት ተምሯል፤ ከዚያም ወደ ቪየና ሄዷል። በታላላቆቹ የሥዕል ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀውም በ2018 አሜሪካዊው ሠዓሊ ኬሂንዴ ዋይሊ ሥራውን በኢንስታግራም ላይ አይቶ ከመሰከረለት በኋላ ነው። ከዚያ አስቀድሞ የነበረውን ዘመን ሳስበው፥ የአክራ ነጋዴ ሥዕሉን ለማየት ደጁን ማንኳኳት ብቻ ይበቃው ነበር እላለሁ።

ምናልባት አንባቢ፥ «ይህ የጋና ነገር ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» ይል ይሆናል። እኛንማ በብዙ ያገናኘናል።

ከብዙ ዓመታት በፊት የንግድ ቤቴን ቢሮ ባሳደስኩበት ወራት አንድ ወጣት ሦስት ሥዕሎች በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ልብሱ ንጹሕ፥ ጫማው ግን ያለቀ ነበር። ሥዕሎቹን ከግድግዳው ሥር ደርድሮ፥ አንድ ነገር ሳይናገር ቆመ። ከሦስቱ አንዱ በዝናብ ጊዜ ከሱቅ በረንዳ ሥር ተጠግተው የቆሙ ሰዎችን የሚያሳይ ነበር። ዋጋውን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። እኔም እንደ ልማዴ ግማሹን ሰጠሁት። እርሱም አልተከራከረኝም፤ ጠቅልሎ ሄደ። በዚያው ሳምንት ከአንድ ዕቃ ቤት፥ የበረዶ ተራራና ሐይቅ ያለበት፥ በማተሚያ መኪና የታተመ የባዕድ አገር ሥዕል ከነፍሬሙ ገዝቼ ሰቀልኩ። የከፈልኩት ዋጋ ወጣቱ ከጠየቀኝ በጥቂት ብር ብቻ ያነሰ ነበር። ያ ሐይቅ ፀሐይ እየመታው ነጥቶ ወድቋል። የወጣቱን ስም አልያዝኩም። ዛሬም ቢሆን ዝናብ ሲመጣና ሰው ከሱቄ በረንዳ ሥር ሲጠለል ሥዕሉ ትዝ ይለኛል፤ ስለ ዋጋ መክሰሩ አይደለም የሚቆጨኝ፤ የራሴን በረንዳ የሚያሳይ ሥዕል ከደጄ መልሼ፥ አይቼው የማላውቀውን ሐይቅ መስቀሌ ነው።

ነጋዴ ሁሉ እንደዚህ ነው ማለት ግን የቀደሙትን ማማት ይሆናል። በንግዳችን ታሪክ ውስጥ እንደ አቶ አምኃ እሸቴ ያለ ሰው መኖሩን ብዙ ወጣት ነጋዴዎች አያውቁም። አቶ አምኃ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ሱቅ የነበራቸው ወጣት ነጋዴ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የአገራችንን ዘፈን በሸክላ የማሳተም ሥልጣን በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ ሥራው ግን ፈዝዞ ነበር። አቶ አምኃ በ1969 እ.ኤ.አ. ክልከላውን ደፍረው በራሳቸው ስም የሸክላ ድርጅት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውንም ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ይዞ አወጡ። ቀጥለውም የማሕሙድ አሕመድን፥ የሙላቱ አስታጥቄን፥ የሌሎችንም ብዙዎች ሥራ እያስቀረጹ፥ ሸክላውን በውጭ አገር አሳትመው አምጥተው ሸጡ። ሰዎቹ በዚያን ዘመን ወጣቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም በሌሊት ክበብ ከመዝፈን በቀር ሌላ ገበያ አልነበራቸውም። አቶ አምኃ የሠሩት ሥራ ለጋስነት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ንግድ ነው፤ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ ቀድሞ ዐውቆ ማቅረብ ነው። እርሳቸው በ1975 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በ2021ም ዐረፉ። ፓሪስ የሚገኘው ቡዳ ሙዚክ ከ1997 ጀምሮ «ኤትዮፒክ» በሚል ስም በተከታታይ ያወጣቸውና ዓለም የኢትዮጵያን ሙዚቃ ያወቀባቸው ሸክላዎች፥ ብዙው መሠረታቸው ያ አንድ ነጋዴ ያስቀረጸው ድምፅ ነው።

ከዚህም የሚገርም አለ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀሩ በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ብቻቸውን እየተጫወቱ አንድ ካሴት አወጡ። ካሴቱ ጊዜው አልፎ ተረሳ፤ እርሳቸውም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ኖሩ። በኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ በባሕር ዳር ከተማ ካሴቱን ከሱቅ ገዛና አዳመጠው፤ ባለቤቱን ፈልጎ አግኝቶም በ2013 እንደ ገና አሳተመው። አቶ ኃይሉ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆነው ሳለ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራቸውን አወጡ። እንግዲህ ካሴቱ የት ነበር? ከእኛ መደርደሪያ ላይ ነበር። ዋጋውን ያወቀው ግን ለጉብኝት የመጣው እንግዳ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከመደርደሪያችን ላይ ምን እንዳለ እንመልከት ለማለት ነው የተነሣሁት። የማውቀውን ብቻ እናገራለሁ፤ ዝርዝሩ ሙሉ አይደለም፤ የምወደውንም አስቀድሜአለሁ።

ከሥዕል ብጀምር፥ በመጀመሪያ ከመርካቶ ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ አለኝ። አቶ ኤልያስ ስሜ ወጣት የሚባሉ አይደሉም፤ ነገር ግን የሥራቸው ዕቃ የሚገዛው ከእኛው ገበያ ነው። ከምናለሽ ተራ የተሰበረ የኮምፒዩተር ቁልፍ፥ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ፥ ባለቀለም ሽቦ እየገዙ፥ ሽቦውን እየጎነጎኑ በሰሌዳ ላይ እየቸነከሩ ከሩቅ ሲያዩት የእርሻ መሬት ወይም ከተማ የሚመስል ሥራ ይሠራሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የስሚዝሶንያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሸልሟቸዋል፤ በዚያው ዓመት ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየም በመካኒሳ ተከፍቷል። ሽቦውን በሚዛን የሸጠላቸው ነጋዴ፥ ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር ብዬ አምናለሁ። አንባቢ ዞማን ገና ካላየ በአንድ እሑድ ልጆቹን ይዞ ይሂድ።

ከእርሳቸው ቀጥሎ አቶ ተስፋዬ ኡርጌሳን አነሣለሁ። በ1983 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ተማሩ። በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ በከፈተች ጊዜ አገራቸውን ወክለው ሥራቸውን ያሳዩት እርሳቸው ናቸው። የሚሥሏቸው ሰዎች አካላቸው የተጣመመና የተደራረበ ነውና ለእንግዳ መቀበያ ክፍል አይሆንም የሚል ይኖራል፤ በእውነቱም ለሁሉ አይሆንም። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ ብዙ ጊዜ ልመለከተው የምችለው ሥዕል ይህን የመሰለ ነው።

ከእነዚህ በዕድሜ የሚያንሱት ደግሞ አሉ። ሠዓሊት ትዝታ ብርሃኑ እርስ በርስ የተቃቀፉ፥ የሚጽናኑ፥ የተከዙ ሰዎችን ይሥላሉ፤ ሠዓሊት ሰሎሜ ሙለታ በቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ያሉ ሴቶችን ከወንበራቸውና ከመጋረጃቸው ጋር በደማቅ ቀለም ያሳያሉ። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። ፎቶግራፍ አንሺው አቶ ግርማ በርታ በስልካቸው የሊስትሮውን፥ የጋሪ ገፊውንና የሱቅ በደረቴውን ምስል ካነሡ በኋላ ከግርግሩ ነጥለው በአንድ ወጥ ቀለም ላይ ያቆሙታል፤ በዚህም ሥራቸው በ2016 እ.ኤ.አ. ከጌቲ ኢሜጅስና ከኢንስታግራም የገንዘብ ሽልማት አግኝተዋል። ቀኑን ሙሉ ከሱቃችን በር ላይ የሚያልፈውን ሰው እንደዚያ ነጥሎ ያየው ከእኛ መካከል ማን ነው?

በሙዚቃ በኩል እኔ የድሮ ሰው ነኝ፤ ልጆቼ ያሰሙኝን ነው የምናገረው። አቶ ሮፍናን ኑሪ በ2018 እ.ኤ.አ. «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም ባወጡ ጊዜ፥ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦቻችንን ዜማ ከኮምፒዩተር ምት ጋር አዋሕደው ወጣቱን ሁሉ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ካስማሰ በሚል ስም የሚታወቀው ወጣት የሰፈር አነጋገርን በራፕ ያቀርባል፤ መጀመሪያ ስሰማው ጩኸት መስሎኝ ነበር፤ ቃሉን ካዳመጥኩ በኋላ ግን ቅኔ ለመፍታት ከሚቀመጥ ሰው አንድ ነኝ። አቶ እንደገና ሙሉ ደግሞ ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው የሰየሙ ናቸው፤ ሙዚቃቸው ከአገር ውስጥ ይልቅ በውጭ የታወቀ ይመስለኛል፤ የምፈራውም ይህንኑ ነው።

ወደ ልብስ ስመጣ ነገሩ በይበልጥ የእኛ ጉዳይ ይሆናል፤ ልብስ ንግድ ነውና። በቋንቋችን የቀሚሱ ጌጥና የሠዓሊው ሥራ በአንድ ቃል ጥበብ መባላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ናይጄሪያዊው ኬኔት ኢዜ የዮሩባ ሸማኔዎች በእጅ የሚሠሩትን አሶ ኦኬ የተባለውን ልብስ ይዞ በ2019 እ.ኤ.አ. ለኤል ቪ ኤም ኤች ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ተወዳዳሪዎች አንዱ ሆነ፤ በየካቲት 2020 ደግሞ በፓሪስ የልብስ ትርኢት ላይ አቀረበው። ያንኑ የ2019 ሽልማት፥ 300,000 ዩሮ፥ ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ቴቤ ማጉጉ ነው፤ ከአፍሪካም የመጀመሪያው ሆኗል። የናይጄሪያን ሸማኔ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሚለየው ምንድን ነው? በእጅ ሙያ የዶርዜ ልጅ ከማንም አያንስም። የሚጎድለው፥ ከሸማኔው ጉድጓድ እስከ ገዢው ትከሻ ያለውን መንገድ የሚያገናኝ ሰው ነው። እንደ ወይዘሮ ፍቅርተ አዲስ ያሉ የአገራችን ንድፍ አውጪዎች ይህንኑ እየሠሩ ናቸው፤ እርሳቸው በትምህርታቸው የሥነ ልቡና ባለሙያ ሆነው ሳለ ፊታቸውን ወደ ሽመና መልሰው፥ «የፍቅር» በተባለው ድርጅታቸው በእጅ የተሠራውን ልብስ በዘመናዊ ስፌት ያቀርባሉ። በአንጻሩ ከእኛ መካከል አንዳንዶቻችን የምናደርገው ምንድን ነው? የአገራችንን ጥለት ፎቶግራፍ ወደ ቻይና ልከን፥ በመኪና አሳትመን በኮንቴይነር እናስመጣለን። ትርፉ ለጊዜው ጥሩ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሸማኔው ዕቃውን ጥሎ በተነሣ ጊዜ የሚቀጥለውን ጥለት ከማን እንደምንገለብጥ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ወጣት የጥበብ ሰው ከነጋዴ ዘንድ የሚፈልገው ምጽዋት አይደለም፤ ደንበኛ ነው። ግድግዳ ያለው ሆቴል ሁሉ፥ የደንብ ልብስ የሚያሰፋ ባንክ ሁሉ፥ የዓመት በዓል ቀን መቁጠሪያ የሚያሳትም ድርጅት ሁሉ፥ ለማስታወቂያው ዜማ የሚፈልግ ፋብሪካ ሁሉ፥ ዛሬውኑ ደንበኛ ነው። ይህን ገንዘብ እኛ በየዓመቱ እናወጣዋለን፤ ልዩነቱ ለማን እንደምናወጣው ነው።

ገንዘቡ ሲወጣ ግን በሥርዓት ይውጣ። «ስምህን እናስተዋውቅልሃለን» እያሉ ያለ ክፍያ ማሠራት በከተማችን እንደ ልማድ ሆኗል። አንድ ትልቅ ድርጅት ለምረቃ በዓሉ አንድ የወጣቶች ባንድ ጋብዞ፥ እስከ እኩለ ሌሊት ካጫወታቸው በኋላ በእራት ብቻ ያሰናበታቸው ጊዜ እኔ ከእንግዶቹ መካከል ተቀምጬ ነበር፤ እራቱንም የበሉት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነው። ለምግቡ አቅራቢ፥ ለወንበሩ አከራይ፥ ለአበባው ሻጭ የተከፈለ ገንዘብ ለሙዚቀኛው የሚከለከልበትን ምክንያት ማንም የሒሳብ ዐዋቂ ሊያስረዳኝ አይችልም። ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው፤ በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠሪው መብት የተጠበቀ ነው። ሥዕሉን የገዛ ሰው በቀን መቁጠሪያ ለማሳተም፥ ዘፈኑን የወደደ ሰው በማስታወቂያ ለማሰማት ሲፈልግ፥ በጽሑፍ ይዋዋል፤ ዋጋውንም ለብቻው ይክፈል። ሥዕል ሲገዛ ደግሞ የሠዓሊው ስም፥ የሥራው ርእስ፥ የተሠራበት ዓመትና መጠኑ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀብሎ ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር ያስቀምጥ። ያለዚህ ደረሰኝ ልጆቹ ነገ የሚወርሱት ባለቤቱ ያልታወቀ ሸራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ከላይ የተናገርኩት የለንደን ዋጋ አንዳንዱን ሰው እንዳያሳስተው እፈራለሁ። ከመቶ ሥዕል ዘጠና ዘጠኙ ምናልባት ከተገዛበት ዋጋ አይወጣም። ገዝቶ በዓመቱ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ቢቀርበት ይሻላል፤ ለራሱም አይጠቅምም፥ የወጣቱንም ዋጋ ያለ ጊዜው አንሮ ይሰብረዋል። ቦአፎ እንኳ ያ ሐራጅ ከተደረገ በኋላ ሥራቸውን ለማትረፍ ብቻ ከሚገዙ ሰዎች ጋር ሲታገሉ ከቆዩት ሠዓልያን አንዱ ነው፤ እርሱ ራሱ ግን በ2022 ወጣት ሠዓልያን ተቀምጠው የሚሠሩበት ቤት በአክራ ከፍቷል። የወደደውን የገዛ ሰው ዋጋው ባይወጣም አይከስርም፤ በየቀኑ ያየዋልና።

«እኔ ሥዕል አላውቅም» የሚለውን መልስ ከብዙ ወዳጆቼ ሰምቻለሁ። ስለ ሻይ ቅጠልም መጀመሪያ ያወቀ የለም፤ እየቀመሰ ነው የለመደው። አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥዕል ትምህርት ቤት፥ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ተማሪዎቹን ሲያስመርቅ ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያል፤ መግቢያውም በነጻ ነው። ወጣቶቹ ከሥራቸው አጠገብ ቆመው ይውላሉ፤ ለሚጠይቃቸውም ይመልሳሉ። እኔ ባለፈው ጊዜ ሄጄ ሁለት ሰዓት ቆየሁ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከንግዱ ማኅበር አንድ የማውቀው ሰው አላየሁም፤ ሦስት የውጭ አገር ሰዎች ግን ማስታወሻ ደብተር ይዘው ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው ይዘዋወሩ ነበር።

የቢሮዬ ግድግዳ ሐይቁ ከወረደለት ወዲህ ባዶ ነው፤ ምስማሩ አሁንም አለ። በሚቀጥለው የተመራቂዎች ትርኢት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከበሩ እገኛለሁ። አብሮኝ ለመሄድ የሚፈልግ የማኅበሩ አባል ቢኖር በመኪናዬ አራት ሰው ይበቃል፤ ሲመለሱ ግን ሸራ የሚጫንበት ቦታ መተው አለብን።